ድመቷ ቤቱን እስክትለምድ
አዲስ ድመት በመጣች ማግስት በር ከፍቶ መልቀቅ ደግነት ይመስላል፤ ለእኔ ግን ጭካኔ ነው። ድመት ቤቴ የምትለውን የምታውቀው በጠረን ነው፤ ጉንጯን ከወንበር እግርና ከበር መቃን ጋር የምታሸው የራሷን ጠረን ለመተው ነው። ይህን ሳታደርግ ከወጣች የቀድሞ ሰፈሯን ፍለጋ ትሄዳለች፤ መንገድ ላይ ደግሞ መኪናና ውሻ አለ። ስለዚህ ቢያንስ 3 ሳምንት ቤት ትቆይ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ትከተብ (በሽታው ድመትንም እንደሚይዝ ብዙ ሰው ይዘነጋል)።

«የመጣችው አይጥ ልትይዝ ነው፤ ከጠገበች ትሰንፋለች» የሚሉ አሉ። አደን ግን ከረሃብ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ የጠገበች ድመትም ታድናለች። እንዲያውም ስሟን እየጠሩ ቁራጭ ሥጋ መስጠት፣ ከዕለት ምግቧ 10 በመቶ ሳያልፍ፣ በኋላ ከደጅ ጠርቶ ለመመለስ ይረዳል። ወተት ግን ይቅርባት፤ ብዙ ያደጉ ድመቶችን ያስቀምጣቸዋል። መጀመሪያ የምትወጣውም ከእራቷ በፊት፣ ርቧት ሳለ ይሁን።