በአንድ ወንዝ ግራና ቀኝ

ድሬዳዋ ለገሃር አጠገብ ያደገ ሰው የባቡር ነገር ሲነሳ ጆሮው ይቆማል። አሜሪካ፣ ፖርትላንድ ከተማ የምትኖረው ልጄ ይህን ስለምታውቅ፣ ልጠይቃት በሄድኩበት ሰሞን አንድ ቅዳሜ ከነልጇ ይዛኝ ወደ ዴሹትስ ወንዝ ወጣች።

ዴሹትስ ከታላቁ የኮሎምቢያ ወንዝ የሚቀላቀልበት ቦታ መኪናውን አቁመን በምሥራቁ ዳር በእግር ገባን። ግራ ቀኙ ገደል ነው፤ መንገዱ ግን ደልዳላ፣ ለኔ ጉልበት እንኳ የማይከብድ። ለካስ የምንረግጠው ሐዲዱ የተነሳለት የባቡር መንገድ ኖሯል! ይህን እያሰብኩ ሳለ ከወንዙ ማዶ ረጅም የዕቃ ባቡር ብቅ አለ።

«አባባ፣ እዚህም እዚያም ባቡር ነበር?» አለኝ የልጅ ልጄ።

ነበር እንጂ። ነገሩ የሁለት ባለጸጎች እልህ ነው። ጄምስ ሂልና ኤድዋርድ ሐሪማን የተባሉ የባቡር ከበርቴዎች በመካከለኛው ኦሪገን ያለውን የጥድ ደን ተመኙ። ሂል ጆን ስቲቨንስን ላከ። ስቲቨንስ የፓናማ ቦይ ዋና መሐንዲስ የነበረ ሰው ነው፤ ግን ስሙን ለውጦ፣ ዓሣ ሊያጠምድ የመጣ መስሎ መሬት ሲያስማማ ከረመ። በ1909 (እ.ኤ.አ.) ሂል በምዕራቡ ዳር፣ ሐሪማን በምሥራቁ ዳር ቁፋሮ ጀመሩ።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ሠራተኞቹ ከገደል ላይ ድንጋይ ይናዱባቸዋል፤ የተቀናቃኝን ባሩድ ያፈነዳሉ። አብዛኞቹ ከአውሮፓ እንጀራ ፍለጋ የመጡ ድሆች ነበሩ፤ ጠቡ የነሱ አልነበረም። ሐሪማን ራሱ በዚያው ዓመት መስከረም ሞተ፤ ኩባንያው ግን መቆፈሩን አላቆመም። በኋላ የሐሪማን ወገን ሂል የግድ የሚያልፍበትን የአንድ ገበሬ መሬት ገዝቶ መንገድ ቢዘጋበት ጊዜ፣ በ1910 ተስማሙ፤ 18 ኪሎ ሜትር ያህል በአንድ ሐዲድ ሊሄዱ!

በጥቅምት 5 ቀን 1911 ሂል ቤንድ ከተማ ላይ የወርቅ ሚስማር መታ። በ1910 ቆጠራ የቤንድ ነዋሪ 536 ሰው ነበር። እኔን የቆረቆረኝ ይኼ ነው። የኛ ባቡር ድሬዳዋ የገባው በ1902 ነው፤ አዲስ አበባ ለመድረስ እስከ 1917 ፈጀበት። እኛ አንዱን ሐዲድ በስንት መከራ ስንጠብቅ፣ እነሱ ለአንዲት መንደር ሁለት ዘረጉ። በ1930ዎቹ ደግሞ እኛ የቆምንበትን ነቅለው ጣሉት።

ለልጁ ይህን ሁሉ ነገርኩት። «ከመጀመሪያው ለምን አብረው አልሠሩም?» አለ። «ጎረቤት ሲጣላ አላየህም?» አልኩትና እናቱ ሳቀች። ቀጥሎ የማዶውን ፉርጎ መቁጠር ያዘ፤ ሠላሳን ሲያልፍ አርባን ዘሎ ሃምሳ ገባ። በአማርኛ ይቆጥር ስለነበር አላረምኩትም።