አዴር እና አብቲ

ጅቡቲ ውስጥ ሆዳን ሰፈር ስኖር መጀመሪያ ጆሮዬን የጎረበጠው ልጆች አዛውንቱን «አንተ» ማለታቸው ነበር። እኛ ዘንድ «እርስዎ» የማይል ልጅ ወላጆቹን ያሰድባል። ሶማልኛ ግን ለሕፃኑም ለሽማግሌውም በተለምዶ ያው «አዲጋ» ነው። ታዲያ አክብሮታቸው የት ነው? እያልኩ ውስጤ ይሟገት ነበር።

መልሱን ያገኘሁት ከአከራዬ ነው። ልጃቸው ደጅ ለተቀመጡ ሽማግሌ ውሃ ሲያቀብል «አዴር» አላቸው። አጎቱ መስለውኝ ብጠይቅ ዘመድም አይደሉም። «አዴር» የአባት ወንድም ነው፤ የእናት ወንድም «አብቲ» ይባላል። እኛ ሁለቱንም «አጎት» ብለን እናልፋለን፤ በሶማሌ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። ዘር የሚቆጠረው በአባት ነውና ሰው ሲገደል የደም ካሳውን አብረው የሚያዋጡት የአባት ወገኖች ናቸው። ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲና ሶማሊያ በጋራ አቅርበውት እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የተመዘገበው የሶማሌ ኢሳ ጎሳ የቃል ሕግ፣ «ሔር ኢሴ»፣ ከሚዳኛቸው ጉዳዮች አንዱ ይኸው የደም ጉዳይ ነው። አብቲ ብዙውን ጊዜ ከሌላ ጎሳ ስለሆነ በካሳው የለበትም፤ እሱ የእናት ወገን፣ ከሌላው ጎሳ ጋር የሚያስተሳስር ሰው ነው። እንግዲህ የማያውቁትን ሽማግሌ «አዴር» ማለት «እኔ የወንድምዎ ልጅ ነኝ» ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ምን አክብሮት አለ?

ይበልጥ የገረመኝ ደግሞ ሽማግሌው ልጁን መልሰው «አዴር» ማለታቸው ነው። እናትም ልጇን «ሆዮ» ትለዋለች፤ እናት ማለት ነው። እኔንም እናቴ «አባቴ» እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ ይህን ስሰማ ባዕድነቴ ቀለለኝ።

ዝምድናን በመጠሪያ የሚለዩት ሶማሌዎች ብቻ አይደሉም፤ ኡዝቤኮችም ታላቅ ወንድምን «አካ»፣ ታናሹን «ኡካ» ይላሉ፤ እንግሊዝኛ ለሁለቱም «ብራዘር» ይበቃዋል። ማን ማንን መታዘዝ እንዳለበት ኡዝቤኩ ገና ከመጠሪያው ያውቃል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ይህን ከቤተሰቡ ጠባይ ይማረዋል እንጂ ከቃሉ አያገኘውም።

«እርስዎ»ን አልተውኩም፤ አልተውምም። ነገር ግን «እርስዎ» ሰውን ከፍ አድርጎ ሲያርቅ «አዴር» ከፍ አድርጎ ያስጠጋል፤ በእኔ እምነት ሁለተኛው ይከብዳል፣ ኃላፊነት አለበትና።

በሥራም በጭነትም ወደ ጅቡቲ የምትመጡ ወገኖቼ፣ «አንተ» ስለተባላችሁ አትቀየሙ። ሽማግሌ ስታገኙ «አዴር» በሉ።