ከቦሌ እስከ አያት፦ ትንሿን ሽጉጥ የያዘ እጅ

ቦሌን በመብራቷ የሚያውቃት ብዙ ነው። በካፌዎቿ፣ በሕንፃዎቿ መስታወት፣ ቅዳሜ ማታ በመድኃኔዓለም ዙሪያ በሚፈሰው ሰው… እኛ ግን ዛሬ በበሮቿ በኩል እንያት። ይኸውላችሁ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ተነስታችሁ በአፍሪካ ጎዳና ወደ መስቀል አደባባይ ብትወርዱ፣ ወይም በመድኃኔዓለም አድርጋችሁ ወደ ሃያ ሁለት ብታቀኑ፣ ሆቴል በሉት ባንክ፣ የምሽት ክበብ በሉት የገበያ አዳራሽ፣ በር ላይ የሚቀበላችሁ ያው አንድ ሰው ነው። ፈታሽ! እጃችሁን ዘርግታችሁ ትቆማላችሁ፤ ጎንና ጎናችሁን ዳበስ ዳበስ ያደርግና "እለፍ" ይላችኋል። ከራሱ በላይ ደግሞ "መሣሪያ ይዞ መግባት ክልክል ነው" የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል።

ጽሑፉ ለጌጥ አይደለም። ይዞ የሚመጣ አለ። አንዳንዱ ከክፍለ ሀገር ለጉዳይ የገባ ነጋዴ ነው፤ ፈቃዱን ከኪሱ አውጥቶ ያሳይና ሽጉጡን አስረክቦ ይገባል። እንግዲህ ያን ጊዜ እጁን ማየት ነው! አንዱ ጣቱን ቃታ ውስጥ አጋድሞ እንደ ቁልፍ ያወጣታል። ሌላው አፈሙዟን በራሱ ሆድ በኩል አዙሮ ያቀብላል። ሦስተኛው በሁለት ጣቱ እንደ ሞተ አይጥ አንጠልጥሎ… ከኋላው የተሰለፈው ሰው ዘወር ቢል ይፈረድበታል?

አገራችን የጠመንጃ አገር ነው። ጎጃምና ጎንደር ብትሄዱ ጠመንጃ ትከሻ ላይ ሲውል አያስደነግጥም፤ አያያዙንም ልጅ ከአባቱ አይቶ ያድጋል። ሽጉጥ ግን ሌላ ናት። ሽጉጥ የሹም፣ የመኮንንና የከተማ ሰው ዕቃ ሆና ነው የኖረችው፤ ታይታ ሳይሆን ተደብቃ። ተደብቃ የምትኖርን ነገር አያያዟን ማን አይቶ ይማራል? ሰው የሚማረው ከፊልም ነው። ፊልም ደግሞ አስተማሪ ሆኖ አያውቅም።

ቦሌ ራሷ የሽጉጥን ነገር ቀድማ ቀምሳለች። ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ከዚሁ ሜዳ የተነሳውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 720 ሊጠልፉ የሞከሩ ሰባት ወጣቶችና የአውሮፕላኑ የፀጥታ ሰዎች አየር ላይ ተታኮሱ። ከጠላፊዎቹ ስድስቱ ሞቱ። ቦምብ የፈነዳበት አውሮፕላን ግን ተመልሶ በሰላም ቦሌ አረፈ። ያ ሌላ ታሪክ ነውና እንለፈው፤ ጉዟችን ወደ ምሥራቅ ነው።

ገርጂ ደረስን። ያኔ በ1990ዎቹ አጋማሽ የኮንዶሚኒየም ነገር የተሞከረባት ገርጂ! ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ቅጥር ግቢ ውስጥ አንድ የጥበቃ ድርጅት አዳዲስ ቅጥሮቹን ያሠለጥናል። አሠልጣኙ ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ ናቸው። በእጃቸው ያለችው ሽጉጥ ከእንጨት የተጠረበች ናት፤ "መጀመሪያ እንጨቷን ያዙ፣ ብረቷ ትደርሳለች" ይላሉ። አጠገባቸው የቆመው ወጣት ደግሞ የቀኝ አውራ ጣቱ በፋሻ ተጠቅልሏል። ሲ ኤም ሲ አካባቢ የአንድ ባለሀብት ቤት ዘበኛ ነው። ጌታው ማካሮቭ አስታጥቀውታል፤ እንዴት እንደምትያዝ ግን የነገረው የለም። ልሞክራት ብሎ ከከተማ ወጣ ብሎ አንድ ጊዜ ቢተኩስ ኢላማውን ሳተ፣ ጣቱን ግን አገኘ።

"ምን ሆነህ ነው?" ብለው ጠየቁት ሃምሳ አለቃ።

"ነከሰችኝ ጋሼ።"

ሃምሳ አለቃ ሳቁ እንጂ አልገረማቸውም። ትንንሽ ሽጉጥ ይናከሳል! ማካሮቭ በ1951 እ.ኤ.አ. የሶቪየት ጦር የታጠቃት፣ ስሟንም ከሠሪዋ ከኒኮላይ ማካሮቭ ያገኘች ናት። ርዝመቷ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ባዶዋን 730 ግራም ትመዝናለች፤ ካዝናዋ (ካርታ የሚለውም አለ) 8 ጥይት ይይዛል። ስትተኮስ የላይኛው ብረቷ በፍጥነት ወደ ኋላ ይንሸራተትና ቀለሃውን ወርውሮ ሌላ ጥይት ጎርሶ ይመለሳል። ያን ብረት የሚይዘው የራሱ ክብደትና አንድ ሞላ ብቻ ነው። ስለዚህ ግፊያዋ ለቁመቷ የማይመጥን፣ ቆንጠጥ የሚያደርግ ነው። ዘበኛችን በግራ እጁ ቀኙን ሲደግፍ የግራ አውራ ጣቱን ከቀኙ ላይ አቆላልፎ ሁለቱንም ከብረቱ ኋላ አድርጎ ነበር። ብረቱ መንገዱ ላይ ያገኘውን ጣት ምን ያድርገው?

ሰው ሽጉጥ ትንሽ ስትሆን ትቀላለች ይላል። ውሸት ነው። ለመደበቅ ትቀላለች፤ ለመተኮስ ግን ትከብዳለች። እጀታዋ አጭር ስለሆነ እጅ የሚይዘው ነገር ያጣል፤ ቀለል ስለምትል ግፊያውን ራሷ አትውጠውም፤ በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያዋ መካከል ያለው ርቀት ስለሚያንስ የእጅ ጥቂት መንቀጥቀጥ ኢላማው ላይ ሲደርስ ትልቅ ስህተት ይሆናል። ደካማ እጅ ላላቸው ሰዎች "ትንሿ ትበቃቸዋለች" ብሎ መግዛት እንግዲህ ምን እንደሚባል አንባቢ ይፍረድ።

ሃምሳ አለቃ የልጁን እጅ ይዘው ከእንጨቷ ጋር ማገናኘት ጀመሩ። መጀመሪያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለችው ሥጋ እጀታው ላይ እስከምትችለው ድረስ ከፍ ብላ፣ ከኋለኛው ጉብታ ሥር ጥብቅ ትላለች። ዝቅ ብሎ የያዘ ሰው ሽጉጡ በተኮሰ ቁጥር አፈሙዟ ወደ ሰማይ ትሰግርበታለች። ከጉብታው አልፎ ላይ የወጣ ደግሞ ይነከሳል። የሽጉጧ አፍና የክንድ አጥንት በአንድ መስመር ይውላሉ። ሦስቱ ጣቶች ቃታውን ከከበበው ቀለበት ሥር ተጠጋግተው እጀታውን ያቅፋሉ። ትንሿ ጣት ቦታ ካጣች (በጣም አጫጭር ሽጉጦች ላይ ታጣለች) ከካዝናው ሥር ትጠቀለል፣ አትንጠልጠል።

ሌባ ጣትስ? "እሷን ከቤተሰቡ ለይልኝ!" አሉ ሃምሳ አለቃ። ተኩስ እስኪወሰን ድረስ ከቀለበቱ ውጭ፣ በሽጉጧ ጎን ቀጥ ብላ ትተኛለች። ሰው ሲደናገጥ ወይም ሲደናቀፍ አምስቱ ጣቶች አብረው ይጨበጣሉና ቃታ ላይ ያለች ጣት ባለቤቷን አታማክርም።

ከዚያ ግራ እጅ መጣ። እዚህ ላይ ሥልጠናው በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ሠልጣኝ የግራ መዳፉን ከካዝናው ሥር ዘርግቶ ሽጉጧን አስቀመጣት። "ምነው፣ ቡና ልትጠጣ ነው? የሲኒ ማስቀመጫ አደረግኸው እኮ!" አሉት። ከሥር የተደገፈ ሽጉጥ ወደ ላይ ከመዝለል የሚያግደው የለም። የግራ መዳፍ ቦታው ቀኝ እጅ ሳይሸፍነው የቀረው የእጀታው የግራ ጎን ነው፤ ያን ባዶ ቦታ ይሞላዋል። የግራ ጣቶች በቀኝ ጣቶች ላይ ከፊት በኩል ይጠመጠማሉ። አውራ ጣቶች ሁለቱም በግራ ጎን በኩል፣ አንዱ ከሌላው በላይ ሆነው ወደ ፊት ይመለከታሉ። ከኋላ ማቆላለፍ የለም! አለቀ።

ኃይሉን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀኝ እጁን በመጭመቅ ነው። ቀኝ እጅ እንደ ወዳጅ ሰላምታ ጠበቅ ይላል፤ ከዚያ በላይ የሚጨምቀው ግራው ነው። ቀኝ እጅ ድንጋይ ከሆነ ሌባ ጣት ብቻዋን መንቀሳቀስ አትችልም፤ መላው እጅ ከቃታው ጋር ይኮማተርና ለቀኝ እጅ ተኳሽ ጥይቷ ወደ ታችና ወደ ግራ ትሄዳለች። በማካሮቭ ይህ ይብሳል። መዶሻዋ ሳይነሳ የምትተኮሰው የመጀመሪያዋ ጥይት ቃታዋ ረጅምና ከባድ ነው፤ ሁለተኛዋ ግን ቀላል። አንደኛዋ ታንገዳግዳለች፣ ሁለተኛዋ ሳይታሰብ ታመልጣለች። አንጓም መላላት የለበትም። አንጓ ሲላላ ሽጉጧ በሙሉ አብራ ወደ ኋላ ትሄድና ብረቱ ሥራውን ሳይጨርስ ይመለሳል፤ ቀለሃው አፉ ላይ ይቀረቀራል። ከዚያ "ሽጉጡ ተበላሽቷል" ይባላል። ሽጉጡ ምን ያድርግ!

እንግዲህ በሁለት እጅ መያዝ የፈሪ ነው የሚል ጎበዝ አይጠፋም። የድሮ መኮንን ፎቶ ግራፍ ላይ አንድ እጅ ወገብ ላይ፣ አንድ እጅ ወደ ፊት ነበር፤ የብዙ አገር ጦር ለረጅም ዘመን ያስተማረውም እንዲሁ ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጃክ ዊቨር የሚባል የሎስ አንጀለስ የሸሪፍ ፖሊስ በኢላማ ውድድር ላይ በሁለት እጁ ይዞ ማሸነፍ ሲጀምር ነው ክርክሩ የበረደው። ዛሬ ፖሊስም ወታደርም በሁለት እጅ ይማራል።

ከገርጂ ወጥተን ከዘበኛው ጋር በጉርድ ሾላ አድርገን ወደ ሲ ኤም ሲ ሄድን። ሰፈሯ ስሟን ያገኘችው ከጣሊያኑ የሥራ ተቋራጭ ነው፤ አሁን ከተቋራጩ ይልቅ ሰፈሯ ትታወቃለች። ከዚያ ወዲያ አያት፣ በወዲህ ሰሚት… ቪላው ከኮንዶሚኒየሙ ተጎራብቶ፣ ሕፃናት አጥር ሥር ኳስ ሲጫወቱ ይመሻል። እዚህ ላይ ነው የእጁ ነገር የምር የሚሆነው። የሳተች ጥይት የሆነ ቦታ ታርፋለች፤ የቆርቆሮ በር ወይም መስኮት አያቆማትም። በረንዳ ላይ የተቀመጠች እናት ምን ዕዳ አለባት?

ቤት ውስጥ ሽጉጥ ላላችሁ አንባቢዎቻችን ደግሞ ሃምሳ አለቃ አንድ ነገር አደራ ብለዋል። ካዝናው ወጣ ማለት ሽጉጡ ባዶ ሆነ ማለት አይደለም። የጎረሰችው አንዷ ጥይት አፏ ውስጥ ትቀራለች! ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት ማዞር፣ ካዝናውን ማውጣት (የማካሮቭ መልቀቂያው ከእጀታው ግርጌ ከኋላ ነው)፣ ከዚያ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስቦ በዓይንም በጣትም ማየት። ቀድሞ ብረቱን ስቦ ኋላ ካዝናውን የሚያወጣ ሰው አንዷን አስወጥቶ ሌላዋን አጎረሳት ማለት ነው። ከዚያ ልጅ የማይደርስበት ቁልፍ ያለው ሣጥን፤ ጥይቱ ለብቻ። ትራስ ሥር ሣጥን አይደለም።

ፈቃድም አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መያዝንም፣ ፈቃድ ለሌለው አሳልፎ መስጠትንም ከልክሏል። "የኔ ናት፣ ለዘበኛዬ አውሼው ነው" የሚል ባለቤት ወረቀቱ በማን ስም እንደሆነና ምን እንደሚፈቅድ አስቀድሞ ያጣራ።

ሲ ኤም ሲ ስንደርስ ጌትዬው ግቢ ውስጥ መኪናቸውን ሲያሳጥቡ አገኘናቸው። ዘበኛው አንገቱን ደፍቶ ተናገረ። "ጌታዬ፣ ወይ ይማሩኝ ወይ ይውሰዷት" አለ።

"ማን ተኩስ አለህ? ለመታየት እኮ ነው" አሏቸው።

"የታየች ዕለት ሌባው የሱን ቢያወጣስ ጌታዬ?"

ጌትዬው ዝም አሉ። ፋሻዋን አዩ፣ በሩን አዩ፣ በበሩ ሥር አሾልከው የሚያዩትን የጎረቤት ልጆች አዩ። ከዚያ ሽጉጧን ተቀብለው ወደ ቤት ገቡ። ወረቀቱ በሳቸው ስም ኖሮ እሱንም ጠበቃ ሊያሳዩት ነው፤ ልጁም ለሥልጠና ገርጂ እንዲመላለስ ፈቅደዋል። እስከዚያው ዱላውን ይዞ በሩ ላይ ነው። ማታ ማታ ደግሞ ሃምሳ አለቃ ያዋሱትን እንጨት በሁለት እጁ ይዞ፣ አናቷ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጦ፣ ሌባ ጣቱን ብቻ ቀስ አድርጎ ይስባል። ሳንቲሟ ሳትወድቅ አሥር ጊዜ መሳብ አለበት ተብሏል። ትናንት አራት ደርሷል።