ከኮሶበር ወደ ቆላ፤ ዝንብ ወሰን ባበጀችበት አገር

ክቡር አንባቢ፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ሲጓዙ፣ ቲሊሊን እንዳለፉ ብርዱ ከጠነከረብዎ፣ ጉሙም የመኪናውን መስተዋት ከጋረደው፣ ኮሶበር መቃረብዎን ይወቁ። ኮሶበር የእንጅባራ ሌላ ስሟ ነው። የአዊ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በግራና በቀኝ ገበሬው ለከሰል የተከለው የዲከረንስ ደን ይታያል፤ በመስኩም ላይ ፈረስ አይጠፋም።

ጥር 23 ቀን ቢደርሱማ ደስታዎ እጥፍ ይሆናል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የዐድዋ ዘማቾችንና የፈረሶቻቸውን ውለታ የሚያስብበት የጊዮርጊስ ዕለት ነውና፣ ያጌጡ ፈረሶች ሜዳውን ይሞሉታል። ተመልካቹ ሁሉ ዐይኑን የሚጥለው በኮርቻውና በጉግሡ ላይ ነው፤ የፈረሱን ጅራት ልብ የሚል ግን ጥቂት ነው። ጅራቱ አንድ ጊዜም አያርፍም። አባቶቻችንም ጭራ የሚሠሩት ከዚሁ ከፈረስ ጅራት ስለ ሆነ፣ ሰውና ፈረስ ዝንብን የሚመክቱት ባንድ መሣሪያ ነው ማለት ይቻላል። የዛሬው ጨዋታችንም ስለዚህችው ዝንብ ነው።

እኔን ወደ እርሷ ያደረሰኝ የአንድ ተማሪ መቅረት ነበር። በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከቆላ መጥቶ በከተማው ቤት ተከራይቶ፣ ስንቁን ከወላጆቹ እያመጣ የሚማር አንድ ትጉህ ልጅ ነበረ። ከግንቦት መግቢያ ጀምሮ ስሙ ሲጠራ «አቤት» የሚል ጠፋ። ጓደኞቹን ብጠይቅ «በሬያቸው ሞተ» አሉኝ። በሬ ሞተ ተብሎ ትምህርት ይቀራልን? ብዬ አንድ ቅዳሜ ወደ ቻግኒ በሚወርደው መኪና ተሳፈርሁ።

መንገዱ ባዘቀዘቀ ቍጥር ካፖርቴ ከበደኝ፤ በመጨረሻም አወለቅሁት። ገብስና ድንች የሚበቅልበት መሬት አለቀና የበቆሎና የዳጉሳ አገር፣ የማንጎም ጥላ መጣ። ፈረስም እያነሰ ሄደ። ከቻግኒ ወዲያ ሦስት ሰዓት ያህል በእግሬ ከተጓዝሁ በኋላ ልጁን አገኘሁት። በአንድ በሬ አጠገብ ተቀምጦ እሳት ላይ ኩበት እየጨመረ ያጨሳል። ሲያየኝ ደንግጦ ተነሣ።

አባቱ ወንበር አስመጡልኝና «መምህር፣ አንድ በሬ ብቻውን አርሶ አያውቅም» አሉኝ። «አንደኛው ሲሞት ከጎረቤት ጋር ተቀናጅተን ማረስ ጀምረን ነበር፤ የእርሱንም ገንዲ ወሰደበት። ካልታረሰ እህል የለም፤ እህል ከሌለ ለዚህ ልጅ ምን ስንቅ እሰጠዋለሁ? አሁን ይችን የቀረች ነፍስ በጭስ ይጠብቅልኝ ብዬ ነው።» መልስ አጣሁ።

ገንዲ የያዘው በሬ እየበላ ይከሳል፤ ጠጕሩ ይቆማል፤ ዐይኑ ያነባል፤ ቀንበር ሲጭኑበት ይንበረከካል። ልጁ በክብሪት ቀፎ የያዛትን ገዳይ አሳየኝ። ክንፎቿን አንዱን ባንዱ ላይ፣ እንደ ተዘጋ መቀስ፣ ደርባ የምታርፍ ቡናማ ዝንብ ናት። የቆላ ዝንብ እንላታለን፤ ፈረንጆች ጼጼ ይሏታል። እንደ ሌሎች ዝንቦች እንቍላል አትጥልም፤ በየዐሥር ቀን ገደማ አንዲት ትል ወልዳ በዛፍ ጥላ ሥር ትጥላለች፤ ትሏም አፈር ውስጥ ትገባለች። ወንዱም ሴቷም ደም ይመጣሉ። ከታመመው ከብት ወደ ጤነኛው የምታዛምተው፣ ትሪፓኖሶማ የሚባለውን፣ ያለ ማጉሊያ መነጽር የማይታየውን ተውሳክ ነው። ጥላው ሲመነጠር ዝንቧ ትሸሻለች፤ መሬቱን አቅንቶ ለማረስ ግን በሬ ያስፈልጋል፤ በሬውን ደግሞ ዝንቧ ትገድላለች። የቆላው ገበሬ የታሰረው በዚህ ቋጠሮ ነው።

የሰው ልጅ ከዝንብ ጋር ያለው ጠብ በዚህ አገር የትናንት አይደለም። ከአዊ ጎረቤት ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ምንጭ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1770 የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ በክረምት የከብት መንጋን ከጥቁር አፈር ቆላ ስለምታባርር ዝንብ በሰፊው ጽፏል። ዝሆንና አውራሪስ እንኳ ከእርሷ ለመዳን ጭቃ እንደሚለቀለቁ ይናገራል፤ ነቢዩ ኢሳይያስ ያነሣትንም ዝንብ ከእርሷ ጋር ያያይዛታል። ስሟን ግን «ዝምብ» ብሎ መዘገባት! አማርኛ ለሚያውቅ ሰው ይህ ያሥቃል። ጼጼ የሚለውም ቃል ቢሆን በደቡብ አፍሪካ በጽዋና ሕዝብ ቋንቋ «ዝንብ» ማለት ብቻ ነው። ባላገሩ በሁለቱም ቦታ የተጠየቀውን በቅንነት መለሰ፤ እንግዳውም ልዩ ስም ያገኘ መሰለው።

ወደ ደጋው ስመለስ «እኛስ ተርፈናል» የሚል መጽናኛ ነበረኝ፤ የቆላ ዝንብ ብርዱን አትችልምና። የእንስሳት ሐኪም ብጠይቅ ግን መጽናኛዬን ወሰደብኝ። በደጋውም በወይና ደጋውም ሌሎች ደም መጣጮች አሉ። አንዷ የቤት ዝንብ የምትመስለው፣ ነገር ግን ሹል አፏን ወደ ፊት የቀሰረችው የጋጣ ዝንብ ናት፤ በበሰበሰ ገለባና ፍግ ትራባለች፤ የከብቱን እግር ትወዳለች። ሌላዋ ትልቋ የፈረስ ዝንብ ናት፤ ቆዳውን እንደ ምላጭ ትቀድዳለች፤ ደም የምትጠጣው ሴቷ ብቻ ናት። እነዚህ የታመመውን በሬ ነክሰው ሳይጠግቡ በጅራቱ ሲባረሩ፣ ምሳቸውን በጎረቤቱ በሬ ላይ ይጨርሳሉ፤ በአፋቸው የቀረው ደምም በሽታውን ያሻግራል። ስለዚህ የቆላ ዝንብ በሌለበት በጣና ዙሪያ እንኳ አንዱ የገንዲ ዐይነት ተገኝቷል። የታመመ ከብት ከቆላ ተነድቶ ዳንግላ ገበያ ቢወጣ፣ የሚያሻግረው አያጣም ማለት ነው።

መድኃኒት የለም ወይ ይሉ ይሆናል። አለ፤ ነገር ግን ዋነኞቹ ሁለት ብቻ ናቸው። ከገበያ ተገዝተው ያለ ልክ ሲወጉ ተውሳኩ ይለምዳቸዋል፤ ይህም በጊቤ ሸለቆ ከተረጋገጠ ቆይቷል። በዛንዚባር የኡንጉጃ ደሴት፣ በአውሮፓውያን 1990ዎቹ፣ የመከኑ ወንድ ዝንቦችን ከአየር በመልቀቅ የቆላ ዝንብን ፈጽመው አጥፍተዋታል። ደሴት ግን ባሕር አጥር አለው፤ የበለስ ቆላ የለውም። ለገበሬው የሚቀርበው ቀላሉ ነገር ነው፤ በከብቱ ጀርባ ላይ የሚፈስ የዝንብ መድኃኒት፣ እንዲሁም ዝንብን የሚስበው ሰማያዊና ጥቁር የጨርቅ ወጥመድ። በደጋው ደግሞ ፍግን ከጋጣ አጠገብ አለማከማቸት ራሱ ሕክምና ነው። ወጥመድ ግን ባንድ ሰው ማሳ ብቻ ቢቆም፣ ዝንቧ ከጎረቤት መምጣቷ አይቀርም። በሬ የሚቀናጅ ጎረቤት ለወጥመዱም መቀናጀት አለበት።

ልጁ በመስከረም ተመለሰ። በደጋ ያሉ ዘመዶቹ ለእርሻው በሬ አውሰዋቸው ነበር። ያመለጠውን ክፍል ግን ከታናናሾቹ ጋር እንደ ገና እየተማረ ነው፤ አንድ ዓመቱን ዝንቧ በልታበታለች። ክቡር አንባቢ፤ ጥር 23 ፈረሰኞቹን ሊያዩ ወደ እንጅባራ ሲመጡ፣ ጊዜ ካለዎ ቍልቍል ወደ ቆላውም ዝቅ ይበሉ። በመንገድ ዳር አንድ ልጅ በትምህርት ሰዓት በበሬ አጠገብ ሲያጨስ ቢያዩ፣ ሰነፍ ነው አይበሉት። የቤቱን እንጀራ እየጠበቀ ነውና።