የሰባት ሸሚዞች ብርድ ልብስ

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ የዓመት ፈቃዴን ይዤ ስወጣ አዲስ አበባን የተሰናበትኳት በዶፍ ዝናብ ነበር። ዋሽንግተን ስደርስ ግን ሙቀቱ ከበር ተቀበለኝ። እኛ ጋ ክረምት ሲሆን እዚያ በጋ ነው። አክስቴ የምትኖረው ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚገኙባት በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ዋይት ሐውስንም ሙዚየሙንም አይቻለሁ፤ ልቤ የቀረው ግን ጓሮዋ ውስጥ ነው።

ጓሮው ከአንድ ሳሎን ብዙም አይሰፋም። ጎመን፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና በሶብላ በመደዳ ተተክለዋል። አጥሩ ሥር ጤና አዳም አለ። አጋዘን ሌሊት እየገባ ጎመኗን ይበላባታል፤ ጤና አዳሙን ግን ሽታውን ስለማይወደው አይነካውም። ለቡናችን ልቀጥፍ እጄን ስዘረጋ አክስቴ ከለከለችኝ። የጤና አዳም ጭማቂ በፀሐይ ሰዓት ቆዳ ከነካ ያቃጥላል፣ ውኃም ያስቋጥራል። ስለዚህ የምትቀጥፈው ፀሐይ ስትገባ፣ ጓንት አድርጋ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጥላው ወንበሯ ላይ ሲደርስ ስፌቷን ታወጣለች። አሜሪካኖች ኩዊልት ይሉታል። ቁርጥራጭ ጨርቆች ተጋጥመው ላዩን ይሠራሉ፤ መሐል ላይ ሙቀት የሚይዝ ጨርቅ ይገባል፤ ከታች ገበር ይደረጋል። ከዚያ ሦስቱ አንድ ላይ በመርፌ ይጠቀማሉ።

የአክስቴ ቁርጥራጮች የሟች ባሏ ሸሚዞች ናቸው።

ይህን እናቴ ቀድማ ሰምታ ኖሮ፣ ስሸኝ መልእክት ሰጥታኝ ነበር። «የሟች ልብስ ለነዳያን ይሰጣል እንጂ ቤት ውስጥ አይቀመጥም። ምከሪያት።» ሦስት ቀን አፌ ላይ አድሮ በአራተኛው ነገርኳት። አክስቴ ከመርፌዋ ቀና ሳትል «ኮቱንም ጫማውንም ሰጥቻለሁ» አለችኝ። «እነዚህ ሰባቱ አንገታቸው የነተበ ነው። የነተበ ደግሞ ለእግዜር አይሰጥም።»

ስፌቱን ያስተማሯት ከአላባማ የመጡ አረጋዊት ጎረቤቷ ናቸው። በዚያው ክፍለ ሀገር ጂስ ቤንድ የምትባል፣ በሦስት ጎኗ በወንዝ የተከበበች የጥቁር አሜሪካውያን መንደር አለች። የመንደሯ ሴቶች ካረጀ የሥራ ልብስ የሰፏቸው ብርድ ልብሶች እ.ኤ.አ. በ2002 በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ታይተዋል፤ በ2006 ደግሞ በአሜሪካ የፖስታ ቴምብር ላይ ወጥተዋል። ከሴቶቹ አንዷ ሚዙሪ ፔትዌይ እ.ኤ.አ. በ1942 ባላቸው ሲሞቱ የሥራ ልብሳቸውን ቀደው ብርድ ልብስ ሰፍተውበታል። ጎረቤቷ ይህን ሲነግሯት ነው አክስቴ መቀስ ያነሳችው።

መሐሉ ላይ ያደረገችው አጎቴ የሚደርበውን ያረጀ ጋቢ ነው። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ መርፌ ያስቸግራል፤ እሷ ግን ተርትራ ሁለት ድርብ አደረገችው። ለእኔም አንድ ጥግ ሰጠችኝ። ስፌቴ ተጣመመ፤ ፍቺው አላለችኝም።

እናንተም በዚህ ክረምት ዝናቡ ቤት ሲያውላችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ከብርድ ልብስ ሳይሆን ከትራስ ልብስ ጀምሩ። ውፍረታቸው የተቀራረበ የጥጥ ጨርቆች ምረጡ። ጥጥ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ፣ ደማቅ ቀለምም ስለሚለቅ፣ ከመቁረጣችሁ በፊት እጠቧቸው። ልጆች ካሏችሁ የጠበባቸውን ልብስ ራሳቸው ይምረጡላችሁ።

አዲስ አበባ ስመለስ እናቴ ሻንጣዬን ሳላወርድ «ነገርሻት?» አለችኝ። መልስ ከመስጠት ስልኬን አውጥቼ ገና ያላለቀውን ብርድ ልብስ ፎቶ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው። ከዚያ ጣቷን ነጩ ጨርቅ ብቅ ያለበት ጠርዝ ላይ አሳረፈች።

«ይህን ጋቢ እኮ እኔ ነኝ የላክሁለት» አለች።