ላባት ሰዓት የልጅ ማሰሪያ

አንባቢዎች ሆይ፤ ከመካከላችሁ ከአባቱ ወይም ከአያቱ የእጅ ሰዓት የወረሰ ሰው ካለ፣ ሰዓቲቱ ዛሬ የት እንደምትገኝ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልገኝም። በቁም ሣጥን ውስጥ በመሐረብ ተጠቅልላ፣ ከአሮጌ ፎቶግራፍና ከቤት ካርታ ጋር ተኝታለች። «ለምን አታስሯትም?» ብዬ ብጠይቃችሁ «ማሰሪያዋ ተበጥሶ ነው» ትሉኛላችሁ። ምክንያቱ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ስንት ደኅና ሰዓት በዚህችው ምክንያት ከእጅ ወርዳ ዐሥርና ሃያ ዓመት በጨለማ ተቀምጣለች! ሣጥን ደግሞ ሰዓትን ከእርጅና አያድናትም። ሰዓት ሠሪዎች እንደሚነግሩን፣ በውስጧ ያለው ዘይት ብትሠራም ባትሠራም ይደርቃል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ማሰሪያ እንጫወት፤ ወሬው ከንቱ የሚመስለው ሰው ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ።

አባቴ ከአቃቂ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ፣ በፈትል ክፍል፣ የፈረቃ ኀላፊ ነበር። አቃቂን የማያውቅ ካለ፣ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ በደብረ ዘይት መንገድ ላይ ያለች፣ ዛሬ ከቃሊቲ ጋር ተጣምራ አንድ ክፍለ ከተማ የሆነች የፋብሪካ አገር ናት። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ሐዲድ ያለፈው በእርሷ በኩል ነው፤ ፋብሪካዎቹም በኋላ ሐዲዱንና ወንዙን ተከትለው ተተከሉ። እንዲህ ባለ ሰፈር ሰዓት ጌጥ አይደለችም። በሦስት ፈረቃ በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ አንዱ ዐሥር ደቂቃ ቢዘገይ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረው ሌላው ሰው ላይ ዐሥር ደቂቃ ይጨመርበታል። አባቴ ይህን ስለሚያውቅ ሰዓቲቱን ሳይሞላ የተኛበት ቀን የለም። የስዊስ ሥራ ናት፤ በእጅ የምትሞላ፣ ባለ 17 ድንጋይ፣ የወርቅ ቅቧ በጠርዟ በኩል የተላጠ። የሚያስተካክላትም ባገራችን አቈጣጠር ነበር፤ ጧት አንድ ሰዓት ሲሆን አጭሩ ጠቋሚ 1 ላይ ይቆማል እንጂ እንደ ፈረንጁ 7 ላይ አይቆምም። ወንድሜ በዚህ ነገር እስካሁን ይከራከረኛል፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒዩተር ፊት ስለሚውል ይሆናል።

አባቴ ካረፈ በኋላ ሰዓቲቱ ለእኔ ስትደርሰኝ ማሰሪያው እንደ ቋንጣ ደርቆ ነበር። ጥቁር ቆዳ ነው፤ ከሰዓቲቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ተሰንጥቋል፤ ስፌቱም ተፈትቷል። ቀዳዳዎቹን ግን ተመልከቱልኝ። ሦስተኛው ቀዳዳ ከብዙ ዓመት አገልግሎት የተነሣ ሰፍቶ ሞላላ ሆኗል፤ አባቴ በሙሉ ጤንነቱ ሳለ ያስር የነበረው በዚህ ነው። አራተኛው ጥቂት ሰፍቷል፤ አምስተኛውም እንደዚሁ። ከእነርሱ አልፎ ደግሞ ፋብሪካ ያልሠራው፣ በምስማር የተበሳ ጠማማ ቀዳዳ አለ። ሰውነቱ በሕመም እያለቀ በሄደባቸው በመጨረሻዎቹ ወራት ራሱ የበሳው ነው።

እንግዲህ በቤታችን ክርክር ተነሣ። እኅቴ «ማሰሪያው አይነካ፤ አባዬ ያለው እዚያ ላይ ነው» አለች። ወንድሜ «ብረት ማሰሪያ አድርግባትና ተገላገል፤ ላብ አይበላው፣ ዝናብ አይፈራ» አለ። ሁለቱም ያሉት ሞኝነት አይደለም። ብረት ለከባድ ሥራ ደግ ነው፤ ነገር ግን እንደዚህች ላለች ቀጭን ሰዓት ከራሷ ይከብዳታል፤ ከጊዜ ብዛትም ማሰሪያው የሚያያዝባቸውን የሰዓቲቱን ጆሮዎች ይሞርዳቸዋል። የእኅቴ ነገር ግን ልቤን ከፈለው። በመጨረሻ የወሰንኩት ይህን አስቤ ነው፤ የተሰነጠቀ ቆዳ ሳይታሰብ ይበጠሳል፤ ሲበጠስም አስፋልት ላይ የምታርፈው ሰዓቲቱ ናት። አባታችን ከሁለቱ የትኛዋን እንድናድንለት ይፈልግ ነበር ብዬ እኅቴን ብጠይቃት ዝም አለች። ማሰሪያውን እርሷ ወሰደችው፤ ሰዓቲቱን እኔ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት በሰዓቲቱ ሁለት ጆሮዎች መካከል ያለውን ስፋት ለኩ። የምትለኩት አሮጌውን ማሰሪያ አይደለም፤ አሮጌ ማሰሪያ ተበልቶ ይጠባል። ክፍተቱን ራሱን በማስመሪያ፣ በሚሊሜትር ለኩ። የድሮ የወንድ ሰዓቶች ብዙውን ጊዜ 16፣ 17 ወይም 18 ሚሊሜትር ናቸው። የእኔዋ 17 ሆና ተገኘች፤ ይህም በየሱቁ የማይገኝ ቁጥር ነው። ባለሱቁ 18ቱን አምጥቶ «ገፋ አድርገህ አስገባው» ይላችኋል። ቀጭንና ለስላሳ ቆዳ ከሆነ ይገባል፤ ወፍራም ከሆነ ግን ጠርዙ ተጣጥፎ ቶሎ ይበላሻል። 16ቱ ደግሞ በሁለቱም ወገን ብርሃን ያሳልፋል፤ የታናሽ ወንድምን ኮት ለብሶ እንደ መሄድ ነው። የእጃችሁንም አንጓ በክር ለኩት፤ ዘለበቱ በመካከለኛው ቀዳዳ ላይ ቢውል በሁለቱም በኩል መጠባበቂያ ይኖራችኋል።

ማሰሪያውን ከሰዓቲቱ ጋር የሚያያይዙት፣ በውስጣቸው ሞላ ያለባቸው ሁለት ትንንሽ ፒኖች ናቸው። ከማሰሪያው ጋር አብራችሁ አስለውጧቸው። ደኅና ቆዳ ገዝቶ በዛገ ፒን የሚያንጠለጥል ሰው፣ አዲስ በር አሠርቶ በአሮጌ ማጠፊያ እንደሚሰቅል ሰው ነው። በጣም የቆዩ ሰዓቶች፣ በተለይ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከተሠሩት አንዳንዶቹ፣ ፒናቸው ከአካላቸው ጋር የተበየደ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ማሰሪያው ክፍቱን ተሠርቶ በቦታው ላይ መያያዝ አለበት።

ስለ ቆዳ ስናወራ አገራችንን ሳናነሣ ማለፍ አይቻልም። የደጋችን በግ ቆዳ በዓለም ጓንት ሠሪዎች ዘንድ የተከበረ ነው፤ ቀጭንና ልስልስ ሆኖ ሳለ በቀላሉ አይቀደድም። የወሎዋ ባቲ ደግሞ ስሟን ለፍየል ቆዳ ሰጥታ፣ የባሕር ማዶ ነጋዴዎች ቆዳውን በእርሷ ስም ይጠሩታል። መንግሥት በ2000 ዓ.ም. ባወጣው ዐዋጅ፣ ጥሬና በከፊል የለፋ ቆዳና ሌጦ ወደ ውጭ ሲላክ 150 በመቶ ቀረጥ እንዲከፈልበት ያደረገው፣ ቆዳው እዚሁ ተሠርቶ እንዲወጣ አስቦ ነው። በዚሁ በክፍለ ከተማችን በ1990ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመው የቆዳ ቴክኖሎጂ ተቋምም ብዙ ወጣቶችን በጫማና በቦርሳ ሥራ አሠልጥኗል። እንዲህ ባለ አገር፣ ለዚያውም ከቆዳ ፋብሪካ ብዙ ሳልርቅ እየኖርኩ፣ መርካቶ ወጥቼ የቀረቡልኝ ማሰሪያዎች ሁሉ በላስቲክ ታሽገው ከባሕር ማዶ የመጡ ነበሩ። ገርሞኝ አንዱን ባለሱቅ ብጠይቀው «ያገር ውስጡን ማን ይገዛል?» አለኝ። እኔ ልገዛ ፊቱ ቆሜ ሳለ!

ከውጭ የመጣ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን በጀርባው «ጄኑይን ሌዘር» የሚል ማኅተም ስላለበት ብቻ ልባችሁ አይረፍ። ማኅተሙ ዕቃው ቆዳ መሆኑን ይናገራል እንጂ የትኛው የቆዳ ክፍል እንደሆነ አይናገርም። የከብት ቆዳ ወፍራም ስለሆነ በማሽን ወደ ንብርብር ይከፈላል፤ ጠንካራው፣ ጠጕር የበቀለበት የላይኛው ንብርብር ነው። ከሥሩ የሚገኘው ደካማው ክፍል ደግሞ ፕላስቲክ መሳይ ቀለም ተቀብቶ የላይኛውን መስሎ ይሸጣል። እንዴት እንለየው ብትሉ፣ እጠፉት። ደኅና ቆዳ ሲታጠፍ እንደ ሰው እጅ ጥቃቅን መስመር ያወጣና ሲለቀቅ ይመለሳል፤ የተቀባው ግን በእጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል፣ ወይም ነጭ መስመር ይቀርበታል። የተቆረጠውን ጠርዙንም ተመልከቱ። አሽትቱትም፤ ባለሱቁ ቢስቅ ይሳቅ።

የበግ ቆዳ ከላይ እንዳመሰገንኩት ቢሆንም ለማሰሪያ አይሆንም፤ ለጓንት ያስወደደው መለጠጡ ነውና፣ ቀዳዳው ቶሎ ይሰፋል። የሚሻለው የጥጃ ወይም የፍየል ቆዳ ነው። ፍየል ስስ ሆኖ ሳለ ጠንካራ ነው፤ ብራና ፋቂዎቻችንም ይህን ከብዙ መቶ ዓመት ጀምሮ ያውቁታል፤ ምንም እንኳ ብራና ተወጥሮ የደረቀና የተፋቀ እንጂ የለፋ ቆዳ ባይሆን። የአለፋፉም ነገር አለ። በክሮም የለፋ ቆዳ ለስላሳ ነው፣ ውሃም ይችላል። በዛፍ ልጥ የለፋ ቆዳ በመጀመሪያ ይገትራል፤ ሲሰነብት ግን የባለቤቱን አንጓ ቅርጽ ይይዛል፤ ቀለሙም እየጠቆረ ያምራል። ክሮም ገላውን የሚያሳክከው ሰው አለና፣ እንዲህ ያለው ሰው ቢያንስ የውስጠኛው ገበር በልጥ የለፋ እንዲሆን ይጠይቅ።

ክሮም ሳይመጣ በፊት ባገራችን ቆዳ በእንቧይ ይለፋ ነበር። ያን ሥራ የሚሠራውን ሰው ግን «ፋቂ» እያልን ስንሰድብ ኖረናል። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሣ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነገሩ፤ ስድቡ ግን እንደ ዐዋጁ ቶሎ አልቆመም። ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ በቆዳ አገር ላይ ሆነን ማሰሪያ ሠሪ ፍለጋ የምንዞርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ልጁን ለዚህ ሥራ የሚሰጥ ማን ነበር?

በስተኋላ ያገኘኋቸው ሰው በአቃቂ ገበያ አጠገብ ቀበቶና ቦርሳ የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው። «ጋሼ፣ የሰዓት ማሰሪያ ይሠራሉ?» ብላቸው «የእጅ ቀበቶ አይደል እንዴ?» አሉኝ። ቡናማ የፍየል ቆዳ መረጥን። ቢሮ የሚገባ ሰው ጥቁር ያድርግ የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን የሰዓቲቱ ፊት በዕድሜ ብዛት የወተት ቀለም ስለያዘ ጥቁሩ ኀዘን ያስመስላታል። ውፍረቱ ገበሩን ጨምሮ ከ2 ሚሊሜትር እንዳያልፍ ለመንኳቸው፤ ዛሬ ወጣቶች የሚወዱት መሐሉ ያበጠው ማሰሪያ የድሮ ቀጭን ሰዓትን ይውጣታል። ጋሼ ገበሩን በማስቲሽ አጣበቁ፣ ክሩን በሰም አሹ፣ በወስፌም እየበሱ በእጃቸው ሰፉት። የድሮው ዘለበት፣ እኅቴ ስለ ፈቀደች፣ ተነቅሎ በአዲሱ ላይ ገባ።

ለናሙና እንዲሆን አሮጌውን ማሰሪያ ከእኅቴ ተውሼ ነበር። ሽማግሌው ቀዳዳዎቹን በወስፌ ጫፍ እየቆጠሩ ሄደው መጨረሻው ላይ ቆሙ። «ይህስ፣ ልጄ? ይህንንም ልብሳው?» አሉኝ።

ያን ዕለት ጧት ከቤት ስወጣ እናቴ እስከ በር ተከትላኝ መጥታ ነበር። «ያቺን የመጨረሻዋን ቀዳዳ እንዳያስገቧት፤ ለአንተ አታስፈልግህም» ብላኛለች።

«አምስት ይበቃል፣ ጋሼ» አልኳቸው። ምንም አልጠየቁኝም። አሮጌውን ማሰሪያ በጋዜጣ ጠቅልለው በሁለት እጃቸው መለሱልኝ።

አዲሱ ማሰሪያ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንት ግትር ነበር፤ ከዚያ በኋላ እሺ አለ። እጄን ስታጠብ እፈታዋለሁ፤ ምክንያቱም ቆዳውም ሆነ እንዲህ ያለች አሮጌ ሰዓት ውሃ አይወዱም። በክረምት ዝናብ ቢመታው በጥላ አደርቀዋለሁ እንጂ ፀሐይ ላይ ወይም ከሰል አጠገብ አላስጠጋውም፤ በእሳት የደረቀ ቆዳ ተመልሶ አይለሰልስም። ሌሊት ላቡ እንዲወጣለት አውልቄ አሳድረዋለሁ።

ወንድሜ እሑድ እሑድ ሊጠይቀን ሲመጣ «እስቲ እኔም ላድርጋት» እያለ ከእጄ ይፈታታል። እርሱ ክንደ ወፍራም ስለሆነ የሚያስራት በመጀመሪያው ቀዳዳ ነው፤ ጠቋሚዋንም ወደ ፈረንጅ ሰዓት ያዞረዋል። ማታ ሲሄድ እኔ ወደ አገራችን ሰዓት አስተካክዬ በሦስተኛው ቀዳዳ አስራታለሁ።