የጊንጪ ውሃ፣ የበረሃ ዓሣ

እኛ የምዕራብ ሸዋ ሰዎች ስለ ውሃ ከተነሣ አፋችን ላይ ቀድሞ የሚመጣው አምቦ ውሃ ነው። እሱ ካለቀ ጉደርን እንጠራለን፤ ደንዲንና ወንጪንም እንጨምራለን። ከጊንጪ ደጋ ተነሥቶ የሚወርደውን አዋሽን ግን «የእኛ» የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ጉደር ወደ ዓባይ ገብቶ ባሕር ድረስ ሲሄድ፣ አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳያይ አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል። መጨረሻው በጅቡቲ ድንበር ያለው ጨዋማው አቤ ሐይቅ ነው።

እኔ የጊንጪ ልጅ ነኝ። በልጅነቴ አዋሽን በእግሬ ተሻግሬዋለሁ፤ ዓሣ ግን አላየሁበትም። ዓሣውን ያየሁት በመምህርነት ወደ አፋር ተመድቤ፣ ከተንዳሆ ግድብ ብዙም በማይርቅ መንደር ባስተማርኩባቸው ሦስት ዓመታት ነው።

በረሃና ዓሣ ምን አገናኛቸው የሚል አይጠፋም። አዋሽ በመንገዱ ሁሉ ሲገደብ የኖረ ወንዝ ነው። በ1952 ዓ.ም. ቆቃ ላይ ለመብራት ኃይል ተገደበ፤ ከጊዜ በኋላ ደግሞ ለመስኖ ተንዳሆ ላይ ተገደበ። ውሃው ተኝቶ ሲሞቅ ቆሮሶ ይረባል። እኛ ደጋ ላይ የሌለው ሙቀት እዚያ ሞልቷል እኮ! ከቆሮሶ ሌላ አምባዛ አለ። አምባዛ ከስንጥቡ ሌላ አየር የሚስብበት አካል ስላለው ከውሃ ወጥቶም ለሰዓታት ይቆያል፤ ጠዋት የተያዘ አምባዛ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ጆንያ ውስጥ ሲፈራገጥ አይቼ ደንግጫለሁ። አዞም አለ፤ እሱን ባላነሣ ይሻላል።

በ2007 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ ቀረ። በ2008 ዓ.ም. ትምህርት ሲከፈት የአምስተኛ ክፍል ስም መጥሪያዬ ላይ «ቀሪ» የሚለው ምልክት እየበዛ ሄደ። ከቀሪዎቹ አንዱ በሒሳብ የማምነው፣ የ13 ዓመት ገደማ ልጅ ነበር። የትምህርት ቤታችን ደንብ ደግሞ ጥብቅ ነው፤ ቀኑ ከሞላ ስሙ ይሰረዛል፣ ምክንያት አይጠየቅም። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ አባቱን ልጠይቅ ሄድኩ። ፍየሎቹ አልቀው ሰባት ቀርተዋል። አባትየው እንደ አገሩ አማርኛ ሁሉንም ሰው «አንተ» ነው የሚለው፤ እኔም ለምጄዋለሁ።

«አንተ መምህር፣ ልጁ ዓሣ ጋ ነው» አለኝ።

«አባት፣ እርስዎ ዓሣ ይበላሉ?»

«እኔ? የውሃ እባብ አልበላም። ገንዘቡ ግን ዱቄት ይገዛል።»

ምን ልበል? በማግስቱ ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥቼ ወደ ግድቡ ወረድኩ። ከዝዋይ የመጡ አስጋሪዎች ማታ የጣሉትን መረብ ጎሕ ሳይቀድ ያወጣሉ። ልጁ ከነሱ ጋር ታንኳ ላይ አይወጣም፤ ሥራው ዳር ላይ ነው። ዓሣውን ከመረብ እየፈታ፣ ሆድ ዕቃውን እያወጣ፣ ፊሌቶ ለሚያወጡት ያቀብላል። መኪናው ከሦስት ሰዓት በፊት ካልጫነ ሁሉም ነገር ይበላሻል፤ ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር በረዶ እንደ ወርቅ ነው። በተለይ በሁዳዴ ጾም የአዲስ አበባ ፈላጊ ስለሚበዛ ጥድፊያው ይብሳል።

የአስጋሪዎቹን አለቃ፣ ሽማግሌ ናቸውና፣ «ጋሼ፣ ይኼን ልጅ ለትምህርት ሰዓት ቢለቁልኝ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ፀሐይዋን አስቁምልኝና እለቅልሃለሁ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የዓሣው ሰዓትና የእኛ ሰዓት አንድ ነው። ከሰዓት በኋላ ፈረቃ እንዲከፈት ጠየቅሁ፤ መምህር የለም ተባለ። እንግዲህ የቀረኝ ራሴ ነበርኩ። ልጁና ሌሎች አራት የዓሣ ልጆች ከ10 እስከ 12 ሰዓት ከአንድ ግራር ሥር እንዲመጡ አደረግሁ። ስማቸው ለጊዜው እንዳይሰረዝ ብዙ ደጅ ጠናሁ፤ ተፈቀደ፣ ግን በቃል ብቻ።

የማስተማሪያ መሣሪያ አልቸገረንም። ማካፈል ያስተማርኳቸው በተንጠልጣይ ሚዛን ነው፦ 18 ኪሎ ዓሣ ለአምስት ሰው። ሳይንሱ ደግሞ ከአንድ ቆሮሶ አፍ ወጣ። ቆሮሶ እንዲህ ነው፤ ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳር ላይ ጎድጓዳ ጎጆ ይቆፍራል፣ ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ትጥልና በአፏ ሰብስባ ትይዛለች፣ እስኪፈለፈልም በአፏ ታቅፋለች። ይህን በነገርኳቸው በሁለተኛው ቀን ያ ልጅ ዳር ላይ አንዲቷን ሲፈታ እንቁላሉ ከአፏ እጁ ላይ ፈሰሰ። ሮጦ ለአለቃው አሳየ።

«ጋሼ፣ ይኼ ሁሉ ልጅ ነው!» ይላቸዋል።

ሽማግሌው ዝም ብለው አዩት። ከዚያ ለእኔ፣ «መምህር፣ አውቀዋለሁ፤ ዝዋይም እንዲህ እያየን ነው ያሳነስነው። የመረቡ ዓይን በየዓመቱ እየጠበበ መጣ። ሰፊ ዓይን ይዤ ብወጣ ጎረቤቴ በጠባቡ ይወስደዋል» አሉኝ። ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 እንደወጣ ነገርኳቸው። «አዋጁ ሌሊት ይነሣል?» ብለው ሳቁ። ደህና ሰው ናቸው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ትንንሾቹ በሕይወት ካሉ ወደ ውሃ እንዲመለሱ ለልጆቹ ሲነግሩ ሰምቻለሁ። መረባቸውን ግን አልቀየሩም።

ዘንድሮ ዕጣ አውጥታችሁ ወደ ቆላ የምትሄዱ እጩ መምህራን ካላችሁ፣ አንድ ሚዛን ገዝታችሁ ሂዱ፤ ርካሽ ነው፣ ብዙ ይሠራል።

ከአምስቱ አራቱ ዓመቱን ጨረሱ። ያ ልጅ ፈተናውን 87 አምጥቶ አለፈ። በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ ጥሩ ሆነ፤ አባቱ ፍየሎች መልሶ ገዛ። ልጁን ጠባቂ አድርጎ ላከው፤ ወደ ግጦሽ ሲሄዱ በትምህርት ቤቱ አጥር አጠገብ አለፉ። ሲያየኝ ቆሞ ፍየሎቹን ቆጠረልኝ፦ 32 ናቸው።